የድጎማ በጀት በአካባቢዎች መካከል ያለውን የገቢ ልዩነት ማጥበብ አለማጥበቡን እንዴት መመርመር ይቻላል?

የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ወዲያውኑ «ማን ብዙ ወሰደ?» ወደሚል ጥያቄ ይዞራል። በጠቅላላ ድምር ትልቁን ገንዘብ የሚወስደው ምንጊዜም ብዙ ሕዝብ ያለው ክልል በመሆኑ ይህ ጥያቄ ብቻውን ስለ ፍትሐዊነት የሚነግረን ነገር እምብዛም የለም። መመርመር ያለበት ገንዘቡ ከማዕከል ወደ ክልል፣ ከክልልም ወደ ዞንና ወደ ወረዳ ሲወርድ በአካባቢዎች መካከል ያለው የገቢና የአገልግሎት ልዩነት እየጠበበ ነው ወይስ እየሰፋ የሚለው ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ይህንን ጥያቄ በወረቀትና በኤክሴል ለመመርመር ለሚፈልጉ የምክር ቤት አባላት፣ ጋዜጠኞች፣ ተማሪዎችና የሲቪል ማኅበራት ሠራተኞች ሲሆን፣ ምሳሌዎቹን በአብዛኛው ከሐዋሳና ከአካባቢዋ ወስጃለሁ። ሐዋሳ ለረጅም ዓመታት የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆና ቆይታ አሁን የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ በመሆኗ፣ በጀት ሲከፋፈልም ሆነ ክልል ሲከፋፈል ምን እንደሚከተል በቅርብ ለማየት ትመቻለች።

ከወዲሁ አቋሜን ልግለጽ። በክልሎች መካከል ያለው ክፍፍል በታወቀ ቀመር ስለሚመራ፣ በየጊዜውም ስለሚከለስ፣ የሕዝብ ዓይን አርፎበታል። የአንድ ሕፃን ትምህርት ቤት የማግኘት ዕድል ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ገንዘቡ የክልሉን ደጃፍ ካለፈ በኋላ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ በዚያ ደረጃ የሚመረምረው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ቢወርድም፣ ጊዜዎን በብዛት እንዲያውሉ የምመክረው በታችኛው ደረጃ ላይ ነው።

የትኛው ግብር የማን እንደሆነ ይለዩ

መጀመሪያ የሚያስፈልግዎት ሰነድ ሕገ መንግሥቱ ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 96 የፌዴራሉን፣ በአንቀጽ 97 የክልሎችን፣ በአንቀጽ 98 ደግሞ የሁለቱን የጋራ የገቢ ምንጮች ይዘረዝራል፤ በእነዚህ ውስጥ ያልተመደበ የግብር ዓይነት ሲያጋጥም አንቀጽ 99 ጉዳዩ የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲወሰን ያዝዛል። አንቀጾቹን በቃል ከማጥናት ይልቅ በሚኖሩበት ከተማ ላይ አውርዶ ማየት ይሻላል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር የፌዴራል መንግሥት ተቀጣሪ ስለሆነ ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር የፌዴራል ገቢ ነው፤ በታቦር ክፍለ ከተማ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር የሚከፍለው ግን ለክልሉ ነው። ከ2008 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በልብስ ስፌት የተቀጠረች ወጣት ከደመወዟ የሚቆረጠው ግብር የክልሉ ነው፤ የቀጠራት ኩባንያ ትርፍ ግብር ከጋራ ገቢ ይመደባል፤ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ ሁሉ የፌዴራል ነው። በመናኸሪያ አካባቢ በግሉ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ የትርፍ ግብር፣ እንዲሁም በአለታ ወንዶ ወይም በበንሳ ቡና የሚያለማ አርሶ አደር የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር የክልሉ ናቸው።

ይህንን ዝርዝር በሠንጠረዥ ሲያስቀምጡት ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው፣ በቀላሉ የሚሰበሰበውና መጠኑ ትልቅ የሆነው ገቢ በአብዛኛው ለማዕከል የተመደበ ሲሆን፣ መምህሩን፣ የጤና ባለሙያውንና የግብርና ሠራተኛውን የመቅጠር ኃላፊነት ግን የክልሎችና የወረዳዎች መሆኑ ነው፤ ይህ ተዋረዳዊ ክፍተት ይባላል፤ ድጎማ የሚያስፈልገውም በመጀመሪያ ለዚህ ነው። ሁለተኛው አግድማዊ ክፍተት ነው፦ ከተማ፣ ፋብሪካና ደመወዝተኛ የበዛበት ክልል በራሱ ገቢ ብዙ ሊሸፍን ሲችል፣ አብዛኛው ነዋሪው አርብቶ አደር የሆነ ክልል ይህ አቅም የለውም። የአካባቢ ልዩነትን የሚመለከተው ይህ ሁለተኛው ክፍተት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግብር የተሰበሰበበት ቦታ ግብሩን በመጨረሻ የተሸከመው ሰው የሚኖርበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት በሐዋሳ ሸቀጡን ሲሸጥ ተጨማሪ እሴት ታክሱን የሚከፍለው የሐዋሳ ሸማች ቢሆንም ሒሳቡ የሚመዘገበው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይህ ክልል ይህን ያህል ሰበሰበ» የሚል አኃዝ ብቻውን የክልሉን ሕዝብ ጥረትም ሆነ ሀብት አያሳይም።

ቀመሩን በትክክል ያንብቡ

በአንቀጽ 62 መሠረት የጋራ ገቢዎችን ክፍፍልና ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ማከፋፈያ ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበሩት ቀመሮች የሕዝብ ብዛትን፣ የልማት ደረጃንና ገቢ የመሰብሰብ ጥረትን እየመዘኑ ያከፋፍሉ ነበር። ከ1999 ወዲህ የተያዘው መንገድ ግን የተለየ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክልል በአንድ በኩል የወጪ ፍላጎቱ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሊሰበስበው የሚችለው ገቢ ይገመትና በመካከላቸው ያለው ክፍተት የድጎማው መሠረት ይሆናል። ይህ አሠራር በመሠረታዊ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው የአውስትራሊያ የድጎማ ኮሚሽን ከሚከተለው ጋር ይቀራረባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ «ሊሰበስበው የሚችለው» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። ቀመሩ የሚቀንሰው ክልሉ በተጨባጭ የሰበሰበውን ሳይሆን ካለው የግብር መሠረት አንጻር መሰብሰብ የሚገባውን ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ተግቶ የሰበሰበ ክልል በሰበሰበው ልክ ድጎማው ይቀነስበት፣ የተኛው ደግሞ ይካስ ነበር። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን «ብዙ ብንሰበስብ ድጎማችን ይቀንሳል» ቢል ቀመሩ እንደዚያ ተብሎ እንዳልተሠራ መልስ መስጠት ይቻላል፤ ግምቱ በትክክል ተሠርቷል ወይ የሚለው ግን ራሱን የቻለ ተገቢ ጥያቄ ነው። በተለይ የሕዝብ ቁጥር ላይ ያተኩሩ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 በመሆኑ የወጪ ፍላጎት ስሌቱ ዛሬም በትንበያ ላይ የቆመ ነው። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ የተፈናቀለው፣ ወደ ከተማ የጎረፈውና በኢንዱስትሪ ፓርኩ ምክንያት ወደ ሐዋሳ የመጣው ሕዝብ በትንበያው ውስጥ ምን ያህል እንደተያዘ ሳይጠይቁ የነፍስ ወከፍ አኃዝ አይመኑ።

የፌዴራል በጀቱን ሲያነቡ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ የዓመቱ በጀት አዋጅም በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። በአዋጁ ውስጥ መደበኛ ወጪ፣ ካፒታል ወጪ፣ ለክልሎች የሚሰጥ ድጋፍ፣ እንዲሁም ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ የሚሰጥ ድጋፍ ተለይተው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያ ሥራዎ የክልሎችን ድጋፍ በጠቅላላ በጀቱ ማካፈል ነው። ለ2016 ከጸደቀው 801.65 ቢሊዮን ብር ውስጥ የክልሎች ድጋፍ 214 ቢሊዮን ገደማ ነበር፤ ይህም ወደ 26.7 በመቶ ይጠጋል። ለ2017 መጀመሪያ ላይ ከጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ውስጥ ደግሞ 222.7 ቢሊዮን ሲሆን ድርሻው ወደ 22.9 በመቶ ወርዷል። በብር ሲታይ ድጋፉ በ4 በመቶ አካባቢ አድጓል፤ የዋጋ ንረቱ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለነበረ በዚያው ገንዘብ የሚገዛው መድኃኒት፣ ነዳጅና ሲሚንቶ ያነሰ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ተጨማሪ በጀት ስለጸደቀም፣ የዓመቱን ድርሻ ለመግለጽ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን አዋጅ ብቻ ይዞ መናገር አይችልም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። በማንኛውም ሠንጠረዥዎ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዓመት ሦስት ረድፍ ይኑርዎት፦ የጸደቀው፣ በዓመቱ ውስጥ የተስተካከለውና በሒሳብ መዝጊያ የወጣው። ቀጥሎም የብሩን መጠን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በሚያወጣው የዋጋ መረጃ ጠቋሚ ያካፍሉ። መረጃ ጠቋሚው በክልል ደረጃም ስለሚወጣ፣ ለሲዳማ የሲዳማውን፣ ለሶማሌ የሶማሌውን መጠቀም ይገባል፤ የአንድ ኩንታል እህል ዋጋ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለምና።

የገቢ ልዩነትን መለካት

በአገራችን ለዚህ ሥራ የሚሆነው ዋናው መረጃ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው። ጥናቱ የሚመዘግበው ሰዎች ያገኙትን ሳይሆን የተጠቀሙትን በመሆኑ፣ «የገቢ ልዩነት» ብለው የሚጽፉት ነገር በእርግጥ የፍጆታ ልዩነት መሆኑን በግልጽ ያስቀምጡ። የ2008ቱ ጥናት እንደሚያሳየው ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በአገር ደረጃ 23.5 በመቶ ነበር፤ በትግራይ 27.0፣ በአማራ 26.1፣ በኦሮሚያ 23.9፣ በሶማሌ 22.4፣ በቀድሞው ደቡብ ክልል 20.7፣ በአዲስ አበባ 16.8፣ በሐረሪ 7.1 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። እነዚህን ቁጥሮች ከከተማና ከገጠሩ አኃዝ ጎን ያስቀምጧቸው፤ በከተማ 14.8፣ በገጠር 25.6 በመቶ ነው። በትልልቆቹ ክልሎች መካከል ያለው ርቀት ከስድስት ተኩል ነጥብ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ በከተማና በገጠር መካከል ያለው ከአሥር ነጥብ በላይ ነው። «ልዩነቱ ያለው በክልሎች መካከል ነው» ብሎ የሚጀምር ጥናት ይህንን ሳያብራራ ወደ ፊት ሊሄድ አይገባውም።

የሶማሌንና የአፋርን አኃዝ ሲጠቀሙ ጥናቱ ተንቀሳቃሽ አርብቶ አደሮችን ሙሉ በሙሉ እንዳላካተተ ያስታውሱ። በነዚህ ክልሎች ድህነቱ ከአገሩ አማካይ ጋር የተቀራረበ ሆኖ የሚታየው በከፊል በዚህ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ አኃዙን ይዞ «እነዚህ ክልሎች ልዩ ድጋፍ አያስፈልጋቸውም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 89 በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዝዛል።

ልዩነቱን በአንድ ቁጥር ለመግለጽ በሕዝብ ብዛት የተመዘነውን የልዩነት መለኪያ እመርጣለሁ። አሠራሩ የሚከተለው ነው፦ የእያንዳንዱን ክልል የነፍስ ወከፍ ፍጆታ ከአገሩ አማካይ ይቀንሱ፤ ውጤቱን በራሱ ያባዙ፤ በክልሉ የሕዝብ ድርሻ ያባዙ፤ ሁሉንም ይደምሩ፤ የድምሩን ካሬ ሥር አውጥተው በአገሩ አማካይ ያካፍሉ። ለመለማመጃ ሦስት ምናባዊ ክልሎችን እንውሰድ፤ የሕዝብ ድርሻቸው 60፣ 30 እና 10 በመቶ፣ የነፍስ ወከፍ ፍጆታቸውም 20፣ 25 እና 50 ሺህ ብር ይሁን። አማካዩ 24.5 ሺህ ይሆናል፤ መለኪያው ደግሞ 0.36 ገደማ ይወጣል። ሦስቱንም ክልሎች እኩል ቆጥረው ያለ ሕዝብ ብዛት ቢያሰሉት 0.41 ያገኛሉ። በ1999 ቆጠራ ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን ገደማ፣ ሐረሪ ደግሞ ከ200 ሺህ በታች ሕዝብ እንደነበራቸው ሲያስቡ፣ ሁለቱን በእኩል ሚዛን መቁጠር ምን ያህል እንደሚያዛባ ግልጽ ይሆናል። መረጃው በቤተሰብ ደረጃ ካለዎት ቴይል የተባለውን መለኪያ ይጨምሩበት፤ አጠቃላይ ልዩነቱን «በክልሎች መካከል ያለው» እና «በክልሎች ውስጥ ያለው» ብሎ ስለሚከፍለው ለዚህ ጥያቄ ጂኒ ከተባለው የተለመደ የልዩነት መለኪያ ይልቅ የሚጠቅም ነው።

ደቡብ ኢትዮጵያን የሚያጠና ሰው የሚገጥመው አንድ የተለየ ችግር አለ። ሲዳማ በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ አካሂዶ በሰኔ 2012 ክልል ሆነ፤ በ2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ። ከዚህ በፊት «በክልል ውስጥ» ይባል የነበረው ልዩነት አሁን «በክልሎች መካከል» ሆኗል፤ ስለዚህ የአንድም ቤተሰብ ኑሮ ሳይለወጥ መለኪያው ከፍ ሊል ይችላል። መፍትሔው አራቱን ክልሎች መልሶ በቀድሞው ወሰን መደመርና የረጅም ዓመታቱን ንጽጽር በዚያ ወሰን መሥራት፣ የአዲሶቹን ክልሎች ንጽጽር ደግሞ ከተመሠረቱበት ዓመት ጀምሮ ለብቻው ማቅረብ ነው። ለሲዳማ የ1999 ቆጠራ በዞን ደረጃ ስለሚገኝ መነሻ ማግኘት አያስቸግርም።

ገንዘቡ የክልሉን ደጃፍ ካለፈ በኋላ

ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በቀድሞው ደቡብና በትግራይ ክልሎች ጥቅል ድጎማ በቀጥታ እስከ ወረዳ እንዲወርድ ተደርጓል። ወረዳው ገንዘቡን በትምህርት፣ በጤና፣ በግብርና፣ በውኃና በመንገድ መካከል የማከፋፈል ሥልጣን አለው ተብሎ ይታሰባል። በተግባር ግን የወረዳ በጀት አብዛኛው ክፍል ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ ሠራተኛ ባለበት ቦታ ይቆማል። ቀድሞ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የተሠራለት ወረዳ መምህርና ነርስ ስላለው የደመወዝ በጀት ያገኛል፤ ያልተሠራለት ወረዳ ሠራተኛ ስለሌለው በጀቱ ያንሳል፤ በጀቱ ስላነሰም ሠራተኛ አይቀጥርም። የበጀት ፍትሐዊነትን ለመመርመር የሚነሳ ሰው ሁሉ ይህንን ዑደት ፈልጎ ማግኘት አለበት የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ዑደቱ በስሌት ውስጥ እንዴት እንደሚደበቅ በምናባዊ ምሳሌ ላሳይ። ሁለት ወረዳዎች እያንዳንዳቸው 30 ሺህ ለትምህርት የደረሱ ልጆች አሏቸው እንበል። ክልሉ ለአንድ ተማሪ 1,000 ብር በሚል ነጠላ ወጪ በጀት ይመድባል። በመጀመሪያው ወረዳ 27 ሺህ ልጆች ተመዝግበዋል፤ 27 ሚሊዮን ብር ያገኛል። በሁለተኛው 15 ሺህ ብቻ ተመዝግበዋል፤ 15 ሚሊዮን ያገኛል። በሪፖርቱ ላይ ሁለቱም «ለአንድ ተማሪ 1,000 ብር» ስለሆኑ ፍጹም እኩል ናቸው። ገንዘቡን ለተመዘገቡት ሳይሆን ለትምህርት ለደረሱት ልጆች ሁሉ ሲያካፍሉት ግን የመጀመሪያው 900፣ ሁለተኛው 500 ብር ይሆናል። ትምህርት ቤት ርቆት ወይም በድርቅ ምክንያት ቤት የቀረው ልጅ በስሌቱ ውስጥ የለም፤ የሌለ ልጅ ደግሞ በጀት የለውም። ስለዚህ የማካፈያው ቁጥር ምንድን ነው ብለው ሳይጠይቁ ምንም ዓይነት የነፍስ ወከፍ አኃዝ አይቀበሉ። በጤናም እንዲሁ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ በመጣው ታካሚ ቁጥር የሚመደብ በጀት ጤና ጣቢያ የሌለውን ቀበሌ አያይም።

ይህንን በተጨባጭ ለመሥራት ከክልሉ ሁለት በሁኔታ የሚለያዩ ወረዳዎችን መምረጥ ይበቃል። በሲዳማ ለምሳሌ በቆላው በኩል ሎካ አባያን፣ በቡና አብቃዩ በኩል ዳሌን መውሰድ ይቻላል። ለእያንዳንዳቸው የአምስት ዓመት በጀት ይሰብስቡ፤ ደመወዙን፣ ሥራ ማስኬጃውንና ካፒታሉን ይለዩ። ደመወዝ ከተነሳ በኋላ የሚቀረውን ገንዘብ በነዋሪው ቁጥር ያካፍሉ፤ ጠመኔ፣ መድኃኒት፣ የእጅ ፓምፕ መለዋወጫና የሞተር ብስክሌት ነዳጅ የሚገዛው በዚህ ነው። ቀጥሎ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን በመምህራን ቁጥር፣ ነዋሪውን በጤና ባለሙያ ቁጥር ያካፍሉ። የደመወዝ ድርሻው ከፍተኛ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ መምህር ራሱ አገልግሎት ነው። ጥፋት የሚሆነው መምህሩ ሕፃናቱ ባሉበት ሳይሆን ሕንፃው ባለበት ብቻ ሲመደብ ነው። ለዚህም ነው የካፒታል በጀቱን ከደመወዙ ጋር አያይዘው ማየት የሚገባዎት፤ ዛሬ አዲስ ትምህርት ቤት የሚሠራበት ወረዳ ከሦስት ዓመት በኋላ የደመወዝ በጀት የሚያገኝ ወረዳ ነውና።

ከተሞችን በተመለከተ ሒሳቡ ይለያል። እንደ ሐዋሳ ያሉ ከተሞች ከክልሉ ከሚመደብላቸው በጀት በተጨማሪ ከመሬት ሊዝ፣ ከቦታ ኪራይና ከልዩ ልዩ አገልግሎቶች የሚሰበስቡት የማዘጋጃ ቤት ገቢ አላቸው፤ ይህ ገቢ ብዙ ጊዜ በተለየ ሒሳብ ስለሚያዝ በወረዳዎች ንጽጽር ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ በሥራ ላይ ሲውል ይህ ልዩነት የበለጠ መታየቱ አይቀርም፤ በሐይቁ ዳርቻ ያለው ሆቴልና በመሐል ከተማ ያለው ሕንፃ የሚያስገኙትን ገቢ በቆላ ያለ ወረዳ ከየትም አያመጣውም። ከተማው የራሱን ግብር መሰብሰቡ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ያልተማከለ አስተዳደር አንዱ ጥቅም ይህ ነው። ነገር ግን ክልሉ ድጎማውን ሲያከፋፍል የከተማውን አቅም በትክክል ካልገመተ በስተቀር ጥቅሙ በአንድ ቦታ ይከማቻል። በከተማው ውስጥም ቢሆን ሐዌላ ቱላን ከመሐል ከተማ ጋር ሳያነጻጽሩ «የሐዋሳ በጀት» ብለው አይጻፉ።

መንስኤና ውጤትን ሳይቀላቅሉ

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ፈታኙ ነገር መደምደሚያው ነው። ድሃ አካባቢዎች ተጨማሪ ድጎማ እንዲያገኙ ታስቦ ቀመር ስለሚወጣ፣ ድጎማና ድህነት አብረው መታየታቸው «ድጎማ ያደኸያል» ማለት አይደለም። በአንድ ዓመት የክልሎችን ድጎማና ድህነት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚደመድም ጽሑፍ ካገኙ አይቀበሉት። የሚሻለው ለውጥን ከለውጥ ጋር ማነጻጸር ነው፦ ቀመሩ በተለወጠበት ጊዜ ድርሻቸው ያደገላቸው አካባቢዎች ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ድርሻቸው ካነሰባቸው ይልቅ በትምህርት፣ በጤናና በፍጆታ ፈጥነው ተሻሽለዋል ወይ? በዚህ ንጽጽር ውስጥ ግጭትና ድርቅ የመቱትን ዓመታትና አካባቢዎች ለብቻ ይያዙ፤ ጦርነት ያወደመውን ትምህርት ቤት በቀመሩ ላይ ማሳበብም ሆነ ለቀመሩ ድክመት ማመካኛ ማድረግ ትክክል አይደለም።

በሌሎች አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሲያነቡም አንድ ወጥ መልስ አይጠብቁ። ሥልጣንና ገንዘብ ወደ ታች መውረዱ በሀብታም አገሮች በአብዛኛው ከልዩነት መጥበብ ጋር ሲታይ፣ በድሃ አገሮች ደግሞ ተቃራኒው የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው የማካካሻ ድጎማ ጥንካሬ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የማካካሻ ክፍያ ስትሰጥ ቆይታ በ1982 መርሑን በሕገ መንግሥቷ አስፍራለች። ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ብቻ ወርዶ ማካካሻው ደካማ ሲሆን ያለው ይበለጽጋል፤ የሌለው ባለበት ይቀራል። በእኛ አገር ማካካሻው በፌዴራል ደረጃ ሕግና ቀመር ስላለው፣ ተመሳሳይ ጥንካሬ ከክልል ወደ ወረዳ በሚወርደው ላይ አለ ወይ የሚለውን መጠየቅ ይገባል።

ሰነድ ማግኘትና ጥያቄ ማቅረብ

የወረዳ በጀት ምስጢር አይደለም። የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ከ1998 በኋላ ሲስፋፋ ወረዳዎች በጀታቸውን ለሕዝብ በሚገባ አቀራረብ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፉ የተጀመረው አሠራር በብዙ ቦታ ይታወቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሄደው ሰሌዳውን ይመልከቱ፤ ከሌለም የዕቅድና በጀት ባለሙያውን በአክብሮት ይጠይቁ። ባለሙያዎቹ በአብዛኛው ጠያቂ በማግኘታቸው ደስ የሚላቸው፣ ከሰነዱ ጀርባ ያለውንም ችግር ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በቃል ካልተሳካ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጠቅሰው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማመልከቻው ቀን፣ የሚፈልጉትን የበጀት ዓመትና የሰነዱን ዓይነት በትክክል የያዘ ይሁን፤ ቅጂውንም ማኅተም አስደርገው ያስቀሩ። ተገቢ ምላሽ ካላገኙ ጉዳዩን ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይቻላል።

ያገኙትን ውጤት የሚያቀርቡበት ጊዜ ከውጤቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። በጀት በምክር ቤት ሲጸድቅ ቁጥሮቹ ቀድሞውኑ የተወሰኑ ናቸው፤ ሐሳብዎ እንዲሰማ ከፈለጉ ወረዳዎች የበጀት ጥያቄያቸውን ከማስገባታቸው በፊት፣ ቢዘገይ በሚያዝያ ወር ለምክር ቤቱ የበጀት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴና ለፋይናንስ ቢሮው ማድረስ ይኖርብዎታል። ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ስሌቱን ከነሠንጠረዡ በአባሪ ያያይዙ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ሰነድ እንደተወሰደ በጎኑ ይጻፍ። ጥያቄውንም «የእኛ ወረዳ ይጨመርለት» ብለው ሳይሆን፣ በጀቱ የሚካፈልበት ቁጥር ከተመዘገበ ተማሪ ወደ ለትምህርት የደረሰ ልጅ፣ ከመጣ ታካሚ ወደ ነዋሪ እንዲቀየር፣ አዲስ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚሠራበት ቦታም በዚሁ ሚዛን እንዲመረጥ ብለው ያቅርቡ። እንዲህ ሲሆን ቋሚ ኮሚቴው ጥያቄውን ለአንድ ወረዳ እንደሚደረግ ልመና ሳይሆን ለክልሉ ሁሉ እንደሚሠራ የአሠራር ማስተካከያ አድርጎ ሊወያይበት ይችላል፤ ቢሮውም በቀጣዩ ዓመት የማከፋፈያ ሰነዱ ላይ «አይቻልም» ወይም «ይቻላል» የሚል የጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ይጠይቁ።